አራት ግድግዳ፣ አንድ መውጫ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ባይተዋወቁም ሁሉም ስለ አንድ ዓይነት ፊልም ነው የጻፉልን፤ ሰው በጠባብ ቦታ ተዘግቶበት መውጫ ስለሚፈልግበት ልብ አንጠልጣይ ፊልም። አንዱ ቦታውን የታገቱበት ክፍል ያደርገዋል፣ ሌላው የጠፈር መርከብ። ችግሩ ግን ያው ነው።

አቦ እናንተ፣ አንድ ነገር ንገሩን። አራት በሦስት ሜትር በሆነች ክፍል ውስጥ የታገተ ልጅ ታሪክ እየቀረጽን ነው። እኛ ውስጧ ስንገባ መተንፈሻ የለም፣ ስክሪን ላይ ስናያት ግን አዳራሽ ትመስላለች። ሌንሳችን 24-70 ሚሊ ሜትር ነው። ምን አጥፍተን ነው?
— አምስት ጓደኛሞች፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ክፍሏ ስለጠበበች ማዕዘን ላይ ተለጥፋችሁ ሌንሱን 24 ላይ ከፍታችኋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ያያል። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ክፍሏን አዳራሽ ያደረጋትም እሱ ነው። ሰፊ ሌንስ ከተዋናዩ ኋላ ያለውን ግድግዳ ይገፋዋል። በቁጥር እንየው። ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር የሆነ) ከሆነ፣ ከካሜራው እስከ ተዋናዩ ያለውን ርቀት በ36 አባዙና ለሌንሱ ቁጥር አካፍሉ፤ ውጤቱ በፎቶው ወርድ ውስጥ የሚገባው ሜትር ነው። በሦስት ሜትር ርቀት 24 ሌንስ 4.5 ሜትር ያስገባል፤ ከክፍሏ ረጅም ግድግዳም ይበልጣል። 50 ሌንስ 2.16 ሜትር፣ 70 ደግሞ ከ1.5 ሜትር ብዙም አይዘልም። ካሜራችሁ አነስተኛ ሴንሰር ያለው ከሆነ በ36 ፈንታ 23.5 ተጠቀሙ።

“ታዲያ 70 ስንጠቀም ወዴት እንሸሽ?” ትሉ ይሆናል። ወደ ውጭ ነው። በሩን ከፍታችሁ ከኮሪደሩ፣ መስኮቱን ከፍታችሁ ከግቢው ቅረጹ። ካሜራው ውጭ ይቆማል፣ የምናየው ግን ውስጡን ብቻ ነው። የበሩ ጠርዝ ትንሽ ብዥ ብሎ ፍሬሙ ውስጥ ቢገባ እንዲያውም ይጠቅማል።

ስለ ሌንስ አካሄድ ከዚህ በላይ የሚያስተምር ሥራ ማግኘት ይከብዳል፦ አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራው ‘አሥራ ሁለት የተቆጡ ሰዎች’። ፊልሙ ከሞላ ጎደል ሙሉውን በአንድ የዳኞች መመካከሪያ ክፍል ውስጥ ነው የሚያልቀው። በመጀመሪያው ሦስተኛ እጅ ካሜራው ከዓይን ከፍታ በላይ ነበር፣ በሁለተኛው ከዓይን እኩል፣ በመጨረሻው ከዓይን በታች ወረደ። ሌንሱም ቀስ በቀስ እየረዘመ፣ ማለትም ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ግድግዳው ወደ ሰዎቹ ቀረበ፣ ጣሪያውም ከላያቸው መታየት ጀመረ፤ ክፍሉ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር አልጠበበም። እናንተም ስክሪፕቱን ለሦስት ክፈሉትና በ35፣ በ50፣ በ70 ሂዱ። ከ70 አትጀምሩ፤ በኋላ የምታጠብቁበት ቦታ አይኖራችሁም።

አንድ ሰፊ ፎቶ፣ ማለትም ክፍሉን በሙሉ የሚያሳይ ቀረጻ፣ ግን መጀመሪያ ላይ የግድ ያስፈልጋል። በሩ የት እንዳለ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደተቸነከረ፣ አልጋው ከበሩ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ተመልካቹ በደንብ ይይ። እኛ በዚህ ዓይነት ፊልም ከሁሉ በላይ የምናከብረው ይህንን ነው፦ ተመልካቹ ክፍሉን በወረቀት መሳል እስኪችል ድረስ ካላወቀው አይጨነቅም። መውጫው የት እንዳለ የማያውቅ ሰው መውጫው ሲዘጋ ምን ይሰማዋል? አንዴ ካሳያችሁት በኋላ ወደዚያ ሰፊ ፎቶ አትመለሱ።

መብራትን በተመለከተ፣ ማዕዘኖቹን ጥቁር አታድርጓቸው። ጨለማ የዋጠው ግድግዳ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ክፍሉም መጨረሻ የሌለው ይመስላል። ግድግዳው፣ ስንጥቁ፣ የኮርኒሱ እርጥበት ሳይቀር ይታይ።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። በፊልም ላይ ሰው ሳጥን ውስጥ ሲዘጋበት ሁልጊዜ “ኦክስጅን እያለቀ ነው” ይባላል። ለተማሪዎቼ አጭር ስክሪፕት እየጻፍኩ ስለሆነ ነገሩን በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ። አየሩ ስንት ሰዓት ያቆያል?
— ኤረር በር አካባቢ፣ ሐረር

መምህር፣ ይህ አባባል በብዙ ስክሪፕት ውስጥ ያለ ስህተት ነው። በታሸገ ቦታ ሰውን ቀድሞ የሚያስጨንቀው የኦክስጅን ማለቅ አይደለም፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው። ተማሪዎችዎ ራሳቸው ሊያሰሉት ይችላሉ።

ሁለት ሜትር ርዝመት፣ 70 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሳጥን 700 ሊትር ይይዛል። ሰውዬው ራሱ ወደ 70 ሊትር ቦታ ይወስዳል፤ 630 ሊትር አየር ይቀራል። ያረፈ ሰው በሰዓት ወደ 15 ሊትር ኦክስጅን ይወስዳል፣ ወደ 12 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በአንድ ሰዓት ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 2 በመቶ ይደርሳል፤ ትንፋሹ ሳያስበው ይጠልቃል። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጥቂት አለፍ ሲል 5 በመቶ ይሆናል፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ አየር ያጠረው ያህል ማለክለክ ይመጣል። በዚያች ደቂቃ ኦክስጅኑ ገና 15 በመቶ አካባቢ ነው። ወደ አራት ሰዓት ሲጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 8 በመቶ ይቃረባል፤ ሐሳብ ይደናገራል፣ ራስን መሳት ይከተላል።

ለስክሪፕቱ ትልቅ ሀብት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ቢጮህና ቢታገል ፍጆታው ሁለት ሦስት እጥፍ ያድጋል፣ ያለው ጊዜም በዚያው ልክ ያጥራል። ሻማ ወይም ላይተር ቢያበራ ደግሞ እሳቱ አየሩን ይጋራዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ውሳኔ ዋጋ አለው፦ ለማየት ላብራ ወይስ ልተንፍስ? ልጩህ ወይስ ልጠብቅ? ከዚህ የተሻለ የድራማ ሞተር አይገኝም፤ ሒሳቡም እውነተኛ ነው።

በታሪክም ሆኗል። ወደ ጨረቃ ይጓዝ የነበረው አፖሎ 13 እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1970 የኦክስጅን ታንኩ ሲፈነዳ ሦስቱ ጠፈርተኞች ለሁለት ሰው ወደ ተሠራችው የጨረቃ ማረፊያ ተሻገሩ። እዚያ የሚተነፍሱት ኦክስጅን ነበራቸው፤ ያጠራቸው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚውጠው ማጣሪያ ነው። የዋናው መንኮራኩር ማጣሪያ አራት ማዕዘን፣ የማረፊያዋ መግጠሚያ ክብ ሆኖ አልገጣጠም አለ። በፕላስቲክ ከረጢት፣ በካርቶን፣ በጠፈር ልብስ ቱቦና በፕላስተር አያይዘው አዳኑት። ሰቀቀኑ ከጭራቅ ሳይሆን ከማይገጥም ቆርቆሮ ሲመጣ እንዴት እንደሚበረታ ልብ ይበሉ።

አሁን ቁጥሩን ለተመልካቹ ቀድመው ይስጡት። የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ትሩፎ ያስረዳው ይህንን ነው፦ ከጠረጴዛ ሥር ያለው ቦምብ ሳይጠበቅ ቢፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው፤ ተመልካቹ ቦምቡን አስቀድሞ ካወቀው ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ይሰቀቃል። ሳጥኑ ውስጥ የታሰረው ሰው የቀረውን ሰዓት በፊልሙ ሦስተኛ ደቂቃ ላይ ያንብብልን።

ባይጠይቁንም፣ ስክሪፕትዎ ስለ ጠፈር ከሆነ፣ በባዶ ጠፈር ድምፅ አይተላለፍም፤ ልብሱ የተቀደደ ሰውም አይፈነዳም፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ይስታል። እነዚያ ሰከንዶች ለአንድ ጥሩ ትዕይንት ይበቃሉ።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አግኝተናል። ውስጡን የጠፈር መርከብ አድርገን ቀን ቀን ልንቀርጽ አስበናል። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ሙቀቱ ለትወናው ይጠቅማል የሚል አለ። ምን ትመክራላችሁ?
— ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ቀን ቀን አትቅረጹ። በሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ትወና ማለት አይቻልም። ፀሐይ የመታው የብረት ሳጥን ውስጡ ከውጭው አየር እጅግ ይብሳል፤ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ አትሞክሩት። ቀረጻውን ከምሽቱ 1 ሰዓት አስጀምራችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ጨርሱ። መርከብ መስኮት ስለሌለው ሌሊት ይሁን ቀን ማንም አያውቅባችሁም።

ከመግባታችሁ በፊት ኮንቴይነሩ ምን ጭኖ እንደነበር ጠይቁ። ኬሚካል ከሆነ ተዉት። የእንጨት ወለሉ ብዙ ጊዜ በፀረ ተባይ መድኃኒት ይታከማል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ከፍታችሁ አናፍሱት፣ ወለሉን በወፍራም ላስቲክ ከዚያም በኮምፔንሳቶ ሸፍኑት። ተዋናይ መሬት ላይ የሚተኛ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው።

የበሩን ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። የኮንቴይነር በር መቀርቀሪያው ውጭ ነው፤ ከውስጥ አይከፈትም። ሁለቱንም በር ወደ ውጭ ገልብጣችሁ በሰንሰለት ከጎን ግድግዳው ጋር እሰሩ፤ ቁልፉ በሩ ላይ በሚቆም፣ ሌላ ሥራ በሌለው አንድ ሰው ኪስ ይሁን። “ግን በሩ ሲዘጋ መታየት አለበት” ካላችሁ የውሸት በር ሥሩ፦ ከእውነተኛው በር 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚቆም፣ በማግኔት ብቻ የተያዘ የኮምፔንሳቶ በር። ሕፃን እንኳ ቢገፋው ይወድቃል፤ በፊልሙ ግን የማይበገር ብረት ነው። ለብረቱ ድምፅ እውነተኛውን በር ለብቻው ቅዱት። ማንም ሰው፣ ሻይ አቅራቢውም ቢሆን፣ “በቃ” ካለ ቀረጻው ወዲያው ይቁም።

ጀነሬተር ከአሥር ሜትር በላይ ርቆ፣ ነፋሱ ጭሱን ከበሩ በሚያርቅበት አቅጣጫ ይቀመጥ። የጀነሬተር ጭስ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ሰው እንቅልፍ የያዘው መስሎ ይሞታል። ለጭስ ትዕይንት ከሰል ማቀጣጠልም ለዚሁ ነው የምንከለክለው።

220 ቮልት ወደ ብረት ሳጥን ባይገባ እንመርጣለን። ገመድ በበሩ ጠርዝ ተልጦ ብረቱን ከነካ ኮንቴይነሩ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። 12 ቮልት የኤልኢዲ ስትሪፕ ለዚህ ሥራ ይበቃል። በሜትር 14.4 ዋት የሚበላ አምስት ሜትር ስትሪፕ 72 ዋት፣ ማለትም 6 አምፔር ይወስዳል። ባለ 60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ እስከ ግማሹ ብቻ ብትጠቀሙት አምስት ሰዓት ያህል ያበራላችኋል፤ መብራት ቢጠፋም ቀረጻው አይቋረጥም። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ 10 አምፔር ፊውዝ አድርጉ፤ ያለ ፊውዝ ገመዱ ቢነካካ እሳት ነው። የግድ 220 ካስፈለገ ኮንቴይነሩን ኧርዝ አስደርጉ፣ 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከር አስገጥሙ፣ ገመዱንም በበሩ ጠርዝ ላይ በጎማ ሸፍኑት።

ውስጡ ወርዱ 2.35 ሜትር፣ ርዝመቱ 5.9 ሜትር ነው። የታጠፈ ቆርቆሮ ግድግዳውን ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ቢያንስ ከጉልበት እስከ ራስ ያለውን ካልሸፈናችሁ ተመልካቹ መርከብ ሳይሆን ኮንቴይነር ያያል። ድምፁም ያስተጋባል፤ ከካሜራው ኋላ ሦስት የስፖንጅ ፍራሽ አቁሙ፣ ከፍሬም ውጭ ያለውን ወለል በብርድ ልብስ አልብሱ።

ላብ የፈለጋችሁ እንደሆነ ግሊሰሪንና ውኃ እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ በመርጫ ጠርሙስ ንፉ። እውነተኛ ላብ በድሬ ደረቅ አየር ቶሎ ስለሚነን አንዱ ፎቶ ላይ ያለ ላብ በሚቀጥለው ይጠፋል፤ ኤዲተሩ ሊያገናኘው አይችልም። ግሊሰሪኑ ሳይደርቅ ይቆያል። ዓይን አካባቢ ግን በጥጥ ቀቡት እንጂ አትርጩ።

የቲያትር ክበብ ውስጥ ነኝ። ገንዘብ ሳይበዛ የጠፈር መርከብ ኮሪደር እንዴት ልሥራ?
— ሸንኮር፣ ሐረር

አሥር ኮምፔንሳቶ ይበቃሻል። አንዱ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፤ አራቱን በአንድ ጎን፣ አራቱን በሌላው አቁሚ፣ ሁለቱን ለጣሪያ በቁመታቸው አጋድሚ። 4.88 ሜትር ርዝመትና 1.22 ወርድ ያለው ኮሪደር ይወጣል። መጋጠሚያዎቹ ላይ በየ1.22 ሜትሩ ከሞራሌ የተሠራ ቅስት አድርጊ፤ ስንጥቁን ይደብቃል፣ ኮሪደሩንም ያስረዝማል። ይበልጥ እንዲረዝም ብትፈልጊ መጨረሻውን አጥብቢው፦ መግቢያው ላይ 1.22 ወርድ የነበረው መጨረሻው ላይ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ጣሪያውም ከ2.10 ወደ 1.60 ሜትር ይውረድ። ተዋናይ ግን ከሦስተኛው ቅስት እንዳያልፍ፤ ካለፈ ድንገት ግዙፍ ይሆንና ምስጢሩ ይወጣል።

ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን፣ የለስላሳ ሳጥን፣ የተበላሸ ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ፣ የጄሪካን ክዳን ለጥፊ። ሁሉንም መጀመሪያ በአንድ ግራጫ ቀለም ቀቢ፤ ዕቃዎቹ ማንነታቸውን የሚያጡት ያን ጊዜ ነው። ከደረቀ በኋላ ጥቁር ቀለም በብዙ ውኃ አቅጥነሽ አፍስሺበትና በጨርቅ ጥረጊው፤ ጥቁሩ በየስርጓዳው ይቀራል፣ ያረጀ ብረት ይመስላል። የእንቁላል ካርቶን ብዙ አታድርጊ፤ የደጋገምሽው እንደሆነ ሁሉም ይለየዋል።

አንድ ክፍል ብዙ ክፍል ማስመሰልም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ካናዳ ውስጥ የተሠራው ‘ኪዩብ’ ተመልካቹን በብዙ ክፍሎች ያዞረዋል፤ የተሠራው ሙሉ ክፍል ግን አንድ ነበር፣ ወርዱም ከአራት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ። ከግድግዳው ኋላ መብራት አድርገው የፓነሉን ቀለም እየቀያየሩ ነው ሌላ ክፍል ያስመሰሉት። ቀለም መቀየር ጊዜ ስለሚፈጅ የቀዩን ትዕይንቶች በሙሉ በአንድ ቀን፣ የሰማያዊውን በሌላ ቀን ቅረጺ።

የመብራት መንቀጥቀጥን ተጠንቀቂ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራሽን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጊው። 30 ፍሬምና 1/60 ላይ ከተውሽው በምስሉ ላይ የሚንሸራተት ጥላ ይመጣል። ርካሽ ዲመርም ያንኑ ያመጣል፤ ብርሃኑን መቀነስ ከፈለግሽ ስትሪፑን በወረቀት ወይም በነጭ ጨርቅ ሸፍኚው።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ እነዚህን ፊልሞች ከወንድሞቹ ጋር ማየት ይፈልጋል። ልፍቀድለት?
— ገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

በዚህ ዕድሜ አይመከርም እንላለን፤ በተለይ የመታፈን ትዕይንት ያለበትን። ልጅ ጭራቁ ውሸት እንደሆነ ቶሎ ይረዳል፣ በር ተዘግቶ አልከፈት ማለቱ ግን በራሱ ቤት የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ወደ መኝታው ይከተለዋል። ካየና ከፈራ መብራት አብርተው፣ ያ ክፍል በኮምፔንሳቶ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዱት።

በጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ውስጥ በሌሊት የሚካሄድ ልብ አንጠልጣይ ልንሠራ ነው። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፣ ግን ስንቀርጻቸው የቱሪስት ፎቶ ይመስላሉ።
— ሸዋ በር፣ ሐረር

ግድግዳዎቹ በቀለም ያማሩ ስለሆኑ ዓይናችሁ ወደ ቀለሙ ሄዷል። ለዚህ ፊልም የምትፈልጉት ማዕዘኑን ነው፤ መንገዱ የሚታጠፍበትንና ወዲያ ማዶ የማይታይበትን። ካሜራውን ከወገብ ዝቅ አድርጋችሁ በ50 ሌንስ ከተዋናዩ ኋላ ሂዱ፤ ሰማዩ ከላይ እንደ ቀጭን ክር ይቅር። መብራቱን ከሚታጠፈው ማዕዘን ኋላ ደብቁት፣ ጥላው ከሰውየው ቀድሞ ግድግዳው ላይ ይምጣ።

ታሪኩን ደግሞ ከተማዋ ራሷ ትሰጣችኋለች። ጥንት የጁገል አምስቱ በሮች ሌሊት ይዘጉ ነበር። የመውጫው ቁጥር የታወቀ፣ የሚዘጋበት ሰዓት የታወቀ ከተማ! በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አምስቱን በሮች አሳዩ፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ከዚያ አንድ በአንድ ዝጓቸው። አቅጣጫ ግን አታምታቱ። ከፈረስ መጋላ ወደ ሸዋ በር የሮጠ ሰው በሚቀጥለው ፎቶ ቡዳ በር ላይ ከተገኘ ሐረሬው ተመልካች ከፊልሙ ይወጣል። ሯጩ በፍሬሙ ከግራ ወደ ቀኝ ከሄደ፣ እስኪታጠፍ ድረስ በዚያው ይቀጥል።

ጁገል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ፈቃድ ሳትይዙ አትግቡ፣ ግድግዳ ላይ ምስማር አትምቱ፣ ፕላስተርም አትለጥፉ፤ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። መብራት በራሱ ስታንድ ላይ፣ በአሸዋ ከረጢት ተይዞ ይቁም። ሰው የሚኖርበት ሠፈር ስለሆነ ጩኸት ያለበትን ትዕይንት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርሱ።

የሠራነውን አጭር ፊልም ለጓደኞቻችን በስልክ ላክንላቸው፣ ማንም አልተሰቀቀም። ከዳር እስከ ዳር የሚያስፈራ ሙዚቃ አለው።
— ቀፊራ፣ ድሬዳዋ

ሙዚቃው ነው የገደለው። “አሁን ፍራ” እያለ ካለማቋረጥ የሚነግረው ነገር ካለ ተመልካቹ ራሱ አይፈራም። ሙዚቃውን በሙሉ አውጥታችሁ አንድ ጊዜ እዩት። ከዚያ ትንፋሽ፣ የልብስ መፋተግ፣ ከግድግዳ ወዲያ የሚሰማ እርምጃ ጨምሩ። በፍሬሙ ውስጥ የማይታይ ድምፅ ከሚታየው ይበልጣል፤ ተመልካቹ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ይልካል።

ሁለተኛው ችግር ስልኩ ነው። የሞተር ጉርምርምታ ብላችሁ 50 ኸርዝ ላይ የሠራችሁት ድምፅ በስልክ ስፒከር ጨርሶ አይሰማም። በላዩ 100፣ 150ና 200 ኸርዝ ላይ ያሉ ድምፆችን ደርቡበት፤ ጆሮ ከእነዚህ ተነስቶ ታችኛውን ራሱ ይሞላል። በእያንዳንዱ ቦታም ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ዝምታ ቅዱ። ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ስትቆርጡ ያንን ዝምታ ከሥር ካላነጠፋችሁት ድምፁ በየቁርጡ ይጠልቃል። ባጃጁ የሚቀንሰው፣ ቀፊራም ጸጥ የሚለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ ይህን ያን ሰዓት ሥሩት፤ ቬንትሌተሩንና ፍሪጁን ማጥፋት እንዳይረሳ።